ባለሰገነት ቤት

ዛሬ ያለው ሰው ቤት ሲያሠራ የፈረንሳይ ባላገር ቤት ሥዕል ይዞ ይመጣል፤ የድንጋይ ግድግዳ፣ የእንጨት መስኮት፣ ሰፊ ማድ ቤት። ከአፍንጮ በር ወደ ፒያሳ በእግሯ የተመላለሰች እናት ግን የአራዳን አሮጌ ባለሰገነት ቤቶች አትረሳቸውም።

በአጤ ምኒልክ ዘመንና ከዚያም ወዲህ ሲሠሩ ምድር ቤቱ ድንጋይ፣ ፎቁ እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነበር። የአርመንና የህንድ ባለሙያዎች እጅ አለባቸው። የእንጨቱ ሰገነት ፀሐይና ዝናብ ከግድግዳው ይከላከላል፤ እናትም ቡናዋን እያፈላች በግቢ የሚጫወቱትን ልጆች ታይበታለች።

በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ። ሙያው ግን አብሮ መፍረስ የለበትም። ቤት የምታሠሩ እህቶች፣ ከዕብነ በረዱ በፊት ሰፊ በረንዳ አስቡ። በኮንዶሚኒየም የምንኖረውም ትንሿን በረንዳ የአሮጌ ዕቃ ማከማቻ ከምናደርጋት አንድ በርጩማና ጤና አዳም የተተከለበት ጣሳ እናኑርባት።