ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ

ደሴት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በፊልም ያየነውን ነው፤ ነጭ አሸዋ፣ የኮኮናት ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር የተጋደመ ፈረንጅ። ጣና ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ደሴቶቹ በሐሩር ክልል ውስጥ እንደሚገኙ በጂኦግራፊ ተምረናል። ስለዚህ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ወደ ደቅ ስንሄድ ካናቴራና ነጠላ ጫማ ይዘን ሄድን። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ መሆኑንም ተምረን ነበር፤ እሱን ግን ከፈተናው ማግስት ረስተነዋል። የመጀመሪያውን ሌሊት ጥርሳችን ሲንቀጫቀጭ አደረ። ጠዋት አንድ አባት አዩንና ሥቀው፣ አሮጌ ቡልኮ አምጥተው ጣሉልን።

አምስት ነበርን፤ ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች። የሄድነው ለሽርሽር አልነበረም። በደሴቲቱ ካሉት ገዳማት ወደ አንዱ የፍልሰታን ሱባኤ ሊይዝ የሚመጣው ምእመን ብዙ ነውና ውሃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ ንፍሮ የሚቀቅል ሰው ያስፈልግ ነበር። "እኛ አለን!" ብለን ተነሣን። "በጎ ፈቃደኞች" ተባልን። ስሙ ደስ ይል ነበር፤ ደስ ማለቱ የቆየው ግን ጀሪካን ተሸክመን ከሐይቁ ዳር እስከ ማድ ቤቱ ያለውን አቀበት እስክንወጣ ድረስ ነው። በሦስተኛው ምልልስ ላይ ከመካከላችን አንዱ "ለመሆኑ ፈቃዱ የማን ነበር?" ብሎ ጠየቀ። መልስ የሰጠው የለም።

ቅዳሴው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያበቃል። ሱባኤተኛው ከንፍሮውም ከበሶውም ይቀምሳል፤ እኛም እንቀምሳለን። ሳህኑን አጥበን ስናበቃ ቀሪው ቀን የእኛ ነው። በዚያች ሰዓት ድካሙ ሁሉ ወዴት እንደሚጠፋ እንጃ! ጠዋት ወገቤን ሲል የዋለው ሁሉ ቀድሞ መንገድ ይጀምራል።

ደቅ በጣና ላይ ካሉት ደሴቶች ትልቋ ናት። ክረምት ስለነበር መንገዱ ጭቃ፣ ማሳው በቆሎና ዳጉሳ፣ አጥሩ ጥቁር ድንጋይ ነው። የሐይቁ ውሃ ወንዞቹ ባመጡት ደለል ደፍርሶ ሻይ በወተት መስሏል። ከዳር የደንገል ታንኳዎች ውሃ የመጠጡትን ያህል እንዲደርቁ ቀጥ ተደርገው ቆመዋል። የባዮሎጂ ተማሪዋ ጓደኛችን ዝም አትልም ነበር። "ይህ ሁሉ ውሃ እኮ ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ነው" አለችን። በጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ ከአሥር የሚበልጡ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች መኖራቸውን ነገረችን። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም መሆኑንና በጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ መታየቱንም ከእሷ ሰማን። ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ባየን ቁጥር "ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው" ትላለች። እውነትም ቀረብ ስንል ከዋርካውና ከሾላው መካከል ጉልላት ብቅ ይላል። በሌላው ስፍራ ዛፉ ማሳና ማገዶ ሲሆን፣ በዚያ የተረፈው በደብሩ ተከብሮ ነው።

አንድ ቀን በስተምዕራብ በኩል ናርጋ ሥላሴ ደረስን። ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኗል። ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1730 ገና ሕፃን ሳለ ሲነግሥ፣ አገር የማስተዳደሩ ሥራ የእናቲቱ ሆነ። በሥዕሉ ላይ ግን ንግሥቲቱ በዙፋን ላይ አይደሉም፤ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተዋል። የሕግ ተማሪዋ ጓደኛችን እዚያ ሥዕል ፊት ብዙ ቆመች። ስንወጣ "እስካሁን በደሴቱ ካየነው ሁሉ የሚበልጠውን ያሠራችው ሴት ናት" አለች። አዎ አልንና መንገዳችንን ቀጠልን። ነገሩ አልገባንም ነበር።

የታሪክ ተማሪው ዓይን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ ምሥራቅ ነበር። ከደቅ ማዶ ዳጋ ትታያለች፤ ደን የለበሰች ሾጣጣ ደሴት። በዳጋ እስጢፋኖስ እነ ዘርዐ ያዕቆብ፣ እነ ፋሲል በመስተዋት ሣጥን ውስጥ አርፈዋል። "እነሱን ሳላይ አልመለስም!" አለ። ወደ ዳጋ ሴት አትገባም፤ ሥርዐቱ ነው። ሁላችንም ዝም አልን። በኋላ የሕግ ተማሪዋ "ሂዱ እንጂ! እኛ ስላልገባን እናንተ ለምን ትቀራላችሁ?" አለች። ከልቧ ይሁን በአሽሙር እስከ ዛሬ አልለየንም። እኛ ግን ሳትጨርስ ጫማችንን እያሰርን ነበር።

እስከዚያች ቀን ድረስ "እኛ" ስንል አምስታችንን ነበር። ከዚህ በታች ለጥቂት መስመር "እኛ" ያልነው ሦስቱን ወንዶች ብቻ መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

በማግሥቱ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ልንነሣ ስንል፣ ከማድ ቤቱ አጠገብ ሽምብራ የሚለቅሙ አንዲት እማሆይ ጠሩን። ከቀሚሳቸው እጥፋት በጨርቅ የተጠቀለለች ጧፍ አወጡና "ልጆቼ፣ ይህቺን ለቅዱስ እስጢፋኖስ አድርሱልኝ። እኔ አልገባም፤ እሷ ግን ትገባለች" አሉ። የታሪክ ተማሪው ተቀብሎ ኪሱ ከተታት።

ስለ ዳጋ ምን እንበል? አቀበቱ ልብ ያፈርሳል። አንድ መነኩሴ ወደ ዕቃ ቤቱ መሩን። በክፉ ቀን የነገሥታቱም የአብያተ ክርስቲያናቱም ዕቃ ወደ ጣና ደሴቶች ይሸሽ እንደነበር ነገሩን። ሣጥኖቹንም አየን። የታሪክ ተማሪው ዘመናቸውን በቃሉ ይወጣልን ጀመር፤ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468፣ ፋሲል ከ1632 እስከ 1667፣ እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ደግሞ እነዚያን አገር ያንቀጠቀጡ ሰዎች በአፋችን ከፍተን እናያለን። ሰማዩ ጠቆረ። ባለ ጀልባው ከታች ተጣራ። ቁልቁለቱን እየተንሸራተትን ወርደን፣ ዘለን ገባን።

ሐይቁ መካከል ስንደርስ የታሪክ ተማሪው እጁን ሊያሞቅ ኪሱ ከተተ። ፊቱ ተለወጠ። እጁን ሲያወጣ ጧፏ ከእጁ ላይ ነበረች፤ ርሳ፣ ለሁለት ተጣጥፋ። "እንመለስ" አልነው ባለ ጀልባውን። "ማዕበል ሊነሣ ነው፤ ለጧፍ ብዬ ሰው አልጨርስም" አለ። እውነቱን ነው።

ሁለቱ ጓደኞቻችን ማድ ቤቱ ደጃፍ ከእማሆይ ጋር ሽምብራ ሲለቅሙ ደረስን። ያ ከሰዓት ለእነሱም ባዶ አልነበረም። ከደሴቲቱ ሴቶች ጋር ውሃ ወርደዋል። ጉማሬ ሌሊት ከሐይቁ ወጥቶ በቆሎ እንደሚበላና ማሳ ለመጠበቅ ስንት እንቅልፍ እንደሚያልቅ ሰምተዋል። ሴቶቹ ስማቸውንና አገራቸውን ጠይቀዋቸው ነበር፤ በእነዚያ ሁሉ ቀናት እኛን ስማችንን የጠየቀን ሰው አልነበረም፤ እኛም ማንንም አልጠየቅን። ስለ ነገሥታቱ ልናወራ አፋችንን ስንከፍት የሕግ ተማሪዋ "ጧፉስ?" አለች።

አውጥተን ሰጠን። እማሆይ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በተሻለን። ጧፏን በሁለት ጣታቸው ቀስ እያሉ አቃኑና መልሰው በጨርቋ ጠቀለሏት። "ግድ የለም፤ ሌላ ሰው ይሄዳል" አሉ። ቀጥለውም "ለመሆኑ ከላይ ሆናችሁ ስታዩት ደቅ ምን ይመስላል? ይሄ የኛ ቤት ይታያል?" ብለው ጠየቁን።

እርስ በርስ ተያየን። ወደ ደቅ ዞር ብለን አላየንም ነበር። ስንወጣ ዳገቱን፣ ስንገባ ሣጥኑን፣ ስንወርድ ደመናውን ነው ያየነው። እማሆይ ዕድሜ ልካቸውን ከዚህ ሆነው ዳጋን ሲያዩ፣ ከዳጋ ሆነን ቤታቸውን አይተን የምንነግራቸው እኛ ብቻ ነበርን። "ጉም ነበር" አልን። ዋሸን፤ በሱባኤ!

ሱባኤው ሲፈታ፣ ወደ ዳጋ የሚሻገር አንድ ዲያቆን የሕግ ተማሪዋ ፈልጋ አገኘች፤ ጧፏንም በእጁ ሰጠችው። ማድረሱን አልሰማንም፤ ከእኛ ግን አይብስም። በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ ሁለቱ ጓደኞቻችን ወደ ዳጋ በኩል ቆመው ያዩ ነበር። የታሪክ ተማሪው "ያቺ ከላይ ያለችው..." ብሎ ጀመረና መልሶ ተወው። አምስታችንም ዝም ብለን አየን።

በሚመጣው ክረምት ለበጎ ፈቃድ የምትሄዱ ወዳጆቻችን፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብዙ ታያላችሁ፤ እዩ። ጧፍ ከተሰጣችሁ ግን አስቀድማችሁ እሱን አድርሱ። ነገሥታቱ የትም አይሄዱም።