የተቃጠለ ኩሽኔታ አይጣልም

ከሞተር ወፍጮ ዕቃዎች ሁሉ ግዙፉ ድንጋዩ ነው፤ የሚጮኸውም ሞተሩ ነው፤ ቶሎ ቶሎ የሚያስቸግረው ግን በመዳፍ የሚያዘው ኩሽኔታ ነው። ድንጋዩንና ፑሌጃውን የያዘው ዘንግ የሚሽከረከረው በእሱ ላይ ነውና፣ እሱ ከተቃጠለ ወፍጮው ይቆማል። ወፍጮው ሲቆም ምን እንደሚከተል የገጠር ልጆች የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ እናት ወይ እህሏን ተሸክማ ሌላ ቀበሌ ድረስ ትሄዳለች፤ ወይ በውድቅት ተነሥታ መጁን ታንሸራትታለች።

በቀበሌያችን የነበረው አንድ ወፍጮ የአጎቴ ነበር። አንድ ዓመት ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ውስጥ ሦስት ኩሽኔታ ተቃጠለበት። በየጊዜው ከከተማ መካኒክ ይመጣል፤ አሮጌውን ነቅሎ ከቆሻሻው ክምር ላይ ይወረውራል፤ አዲሱን በመዶሻ ቀጥቅጦ ያስገባል፤ «ዕቃው የማይረባ ሆኖ ነው» ብሎ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ታናሽ እህቴ ሰኞና ሐሙስ ትቀር ጀመር፤ እህሉን ወንዝ ማዶ ወዳለው ወፍጮ የምታደርሰው እሷ ነበረቻ! መምህሯ በስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» እያለ ይመዘግባል። ምክንያቱ ኩሽኔታ መሆኑን ማን ይንገረው?

ሦስተኛው እንደተቃጠለ አጎቴ በመንገድ ሥራ ብዙ ዘመን ያገለገሉ አንድ ጡረተኛ መካኒክ ለምኖ አመጣ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። ገና ሳይቀመጡ «የተነቀሉት የት አሉ?» ብለው ጠየቁ። «ተጥለዋል» ሲባሉ፣ «ኧረ ተዉ! የገደለውን ሳታውቁ ሌላ ልትገድሉ ነው?» አሉ። እኔና እህቴ ከክምሩ ውስጥ ፈልገን አመጣንላቸው፤ በነጭ ጋዝ አጥበው በጨርቅ ላይ ደረደሯቸው።

በመጀመሪያው ቀለበት ላይ በኳሶቹ ልክ እኩል የተራራቁ ትናንሽ ስርጉዶች ታዩ። «ይኼ የመዶሻ ሥራ ነው» አሉ። ኩሽኔታ ሁለት ቀለበት አለው፤ የውስጡ ዘንጉ ላይ ጠብቆ ይቀመጣል፤ የውጭው ቤቱ ውስጥ ይገባል። ዘንግ ላይ ሲገባ መገፋት ያለበት የውስጡ ብቻ ነው። የውጭውን ከመቱት ምቱ የሚያልፈው በኳሶቹ በኩል ስለሆነ፣ ኳሶቹ የሚሄዱበትን መንገድ ይወጉታል፤ አዲሱ ዕቃ አንድ ቀን ሳይሠራ ይቆስላል። ሁለተኛው የተላላጠው በመንገዱ አንድ ወገን ብቻ ነበር፤ ወደ ጎን ሲገፋ ኖሯል ማለት ነው። የሦስተኛው ግራሶ ከዱቄት ጋር ተቦክቶ ደርቋል፤ ዱቄቱን የሚከለክለው ጎሚኒ ተቀዶ ነበር።

እኔን ከሁሉ የገረመኝ ሁለተኛው ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ የአንድ ሜትር ዘንግ ሙቀት በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ርዝመቱ 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። ይህ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለቱም ጫፍ ከታሰረ ዘንጉ መሄጃ ያጣና ኩሽኔታዎቹን ይገፋል። ስለዚህ አንደኛው ይታሰራል፤ ሌላው በቤቱ ውስጥ ወደ ጎን የሚንሸራተትበት ጥቂት ቦታ ይተውለታል። በእኛ ወፍጮ ጋሼ ያሰሩት የድንጋዩን ወገን ነው፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት እንዳይዛነፍ። አዲሱን ኩሽኔታ በንጹሕ ዘይት ውስጥ አሞቁት፤ ሙቀቱ ከ120 ዲግሪ ማለፍ የለበትም። የውስጡ ቀለበት ሰፋና ያለ አንዳች መዶሻ ገባ። ግራሶውን የባዶውን ቦታ ሲሶ ያህል ብቻ ሞሉ፤ «ጢም ካለ እየተቦካ ራሱ ያሞቀዋል» ብለው። ከመጠን በላይ ተወጥሮ የነበረውን ቺንጋም ጥቂት አላሉት። ያ ኩሽኔታ ከሁለት ዓመት በላይ ሠራ፤ እህቴም ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

እንዲህ ያለው ጥያቄ የገጠር ወፍጮ ብቻ አይደለም። በስዊድን አገር፣ በጎተንበርግ ከተማ፣ ስቬን ቪንግክቪስት የሚባል መሐንዲስ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ሥራ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው የቆመበት መሬት ሸክላ አፈር ስለሆነ ይንቀሳቀሳል፤ ዘንጎቹ ይጣመማሉ፤ ኩሽኔታዎቹም ይበላሻሉ። እሱም መለወጡን ብቻ ትቶ «ለምን?» ብሎ በመጠየቁ፣ በ1907 እ.ኤ.አ. ዘንጉ ጥቂት ቢያዘነብል አብሮ የሚያዘነብል ባለ ሁለት ረድፍ ኩሽኔታ ሠራ። ኤስ.ኬ.ኤፍ. የተባለው ኩባንያ የተመሠረተው በዚያው ዓመት ነው።

ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን «እኛ መምህር እንጂ መካኒክ ልንሆን አልመጣንም» የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። እውነት ነው፤ ወፍጮ ትከል የሚለን የለም። ነገር ግን እጅን በግራሶ መንካት የሚያስነውር የሚመስለን «ቀጥቃጭ» ብሎ መሳደብን ከአያቶቻችን ስለወረስን አይደለምን? አንድ የተቃጠለ ኩሽኔታ ስለ ሙቀትና ስለ ኃይል የሚያስተምር መርጃ መሣሪያ ነው። የሒሳብ ትምህርትም አለበት፤ 6308 የሚል ቁጥር ካለው፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በ5 ብታባዙ የቀዳዳው ስፋት 40 ሚሊ ሜትር መሆኑን ታገኛላችሁ። ከሁሉ በላይ ግን ከመወርወር በፊት መጠየቅን ያስለምዳል። «ይህ ዕቃ የማይረባ ነው» የሚለውና «ይህች ልጅ ትምህርት አትወድም» የሚለው ሰው ያው አንድ ሰው ነው፤ ሁለቱም ምክንያቱን አላዩም።

ከአንድ ጋራዥ በነጻ ያገኘኋቸውን ሦስት የተቃጠሉ ኩሽኔታዎች በዕደ ጥበብ ክፍሉ መስኮት ላይ አኑሬአለሁ። የወደደ ሁሉ አገላብጦ ይያቸው፤ ምን እንደገደላቸውም በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ከጎናቸው ያስቀምጥ። በሚቀጥለው እትም እንነጋገርበታለን።