በስም ያልተጠሩት የዘረት ሙታን

የአርበኝነት ዘመን መታሰቢያዎች በየአደባባዩ ቆመዋል። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት፣ አራት ኪሎ የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስቶች ጥይት ለወደቁት ለአቡነ ጴጥሮስ የተሠራው ሐውልት፣ ሦስቱም የዚያን ዘመን መከራና ክብር ለመንገደኛው ይናገራሉ። የመንዝ ደጋ ትልቁ መታሰቢያ ግን ጠራቢ ያልነካው፣ ቀራፂ ያልፈረመበት ነው። እርሱም በዘረት ገደል ውስጥ ያለ ዋሻ ነው። አገሬው አመጸኛ ዋሻ ይለዋል። በግድግዳው ላይ የአንድም ሟች ስም አልተቀረጸም።

አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በጠላት እጅ ከወደቀች በኋላ፣ የከተማይቱ ፖሊስ አዛዥ የነበሩት አበበ አረጋይ ወደ ሰሜን ሸዋ ወጥተው ተጋድሎውን ቀጠሉ። መንዝና መርሐ ቤቴ፣ ተጉለትና ቡልጋ የአርበኛው መሸሸጊያ፣ ጎተራና የጦር ሜዳ ሆኑ። ጀማና ወንጪት እየሸረሸሩ ያወረዱት ገደል፣ በአፋፉም ላይ ያለው ብርድና ጉም ለመድፈኛውና ለአውሮፕላኑ አልመች ብሎ ነበር። ይሁን እንጂ አርበኛው ያን ዘመን የኖረው በገደሉ ብቻ አልነበረም። በሶውን የፈጨች፣ ውኃውን የቀዳች፣ ቁስሉን ያጠበች፣ የጠላትን መንገድ አይታ የነገረች ሴት ከጎኑ ነበረች። ስንቅ የሚሸከም ወጣት፣ የሚመክር ሽማግሌ፣ ገና ጡት ያልጣለ ሕፃንም ነበረ። ጦሩ ሲንቀሳቀስ የሚንቀሳቀሰው አንድ ሙሉ አገር ነበር።

በ1931 ዓ.ም. መጋቢት ማብቂያ ላይ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ በዘረት ዋሻ ተጠልለው ነበር። ቁስለኞች፣ አዛውንት፣ ሴቶችና ሕፃናት ከታጣቂዎቹ ጋር ነበሩ። አበበ አረጋይ በቦታው አልነበሩም። የኢጣሊያ ጦር ዋሻውን ከበበ፤ ከበባው አልሠራ ሲለው የመርዝ ጋዝ የሚይዝ ልዩ ቡድን አስመጣ። ሚያዝያ 1 ቀን 1931 ዓ.ም. የሰናፍጭ ጋዝና በአርሲን የተሞሉ ጥይቶች በዋሻው አፍ ላይ ወረዱ። ዕለቱ የትንሣኤ በዓል ነበር። የሁለት ወር ጾም የተፈታበት፣ በየደብሩ ሌሊቱን የትንሣኤው ብሥራት የተነገረበት ቀን በዘረት የመታፈን ቀን ሆነ። በመሪነት የነበሩት ተሾመ ሽንቁጥ ከጥቂት ሰዎች ጋር በሌሊት ከበባውን ጥሰው አመለጡ። ሚያዝያ 3 ቀን ግን መርዙና ጥሙ ያስጨነቃቸው ከዋሻው ወጥተው እጃቸውን ሰጡ። በጦሩ ውስጥ የነበረ አንድ ኢጣሊያዊ የበታች ሹም በማስታወሻው እንደ መዘገበው፣ ወንዶቹ ሃምሳ ሃምሳ እየሆኑ በመትረየስ ተረሸኑ፤ ቍጥራቸውም 800 ያህል ነበር። በዋሻው ውስጥ የቀሩት በዚያው ቀሩ።

ኢጣሊያ መርዝ ጋዝን በጦርነት የሚከለክለውን የ1925 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነት ፈርማ ነበር። በወረራው ጊዜ ጋዝ መጣሉን የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስትር ዶሜኒኮ ኮርቾኔ በይፋ ያመኑት በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ስድሳ ዓመት ቆይቶ። የዘረትንም ጉዳይ ለዓለም የገለጠው የገዳዮቹ የራሳቸው ወረቀት ነው። ኢጣሊያዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዮ ዶሚኒዮኒ በሮማ የጦር ቤተ መዛግብት ያገኘውን ሰነድ ተከትሎ በ1998 ዓ.ም. ዋሻው ድረስ መጣ። ከዚያም የኢትዮጵያና የስፔን የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ወለሉን መረመሩ፤ አጽም፣ የሸክላ ስባሪ፣ የቀለሃ ቁርጥራጭ አገኙ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የገዳዩ መዝገብ የመሣሪያውን ዓይነት፣ የቡድኑን ስም፣ ቀኑን በጥንቃቄ ይጽፋል፤ የሟቹን ግን ቍጥር ብቻ ነው የሚያውቀው። የሸክላውም ስባሪ ማሰሮው የማን እንደ ነበረ አይናገርም። ሰነዱና ቁፋሮው ሞቱን አረጋገጡ፤ ሕይወቱን ግን አላስረዱም። ያን ማስረዳት የሌላ ወገን ሥራ ነው።

የመንዝ ሰው ለስም የሚሰጠው ክብር ቀላል አይደለም። አንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ስም አለው፦ እናት አባቱ ያወጡለትና ጎረቤት የሚጠራበት የዓለም ስሙ፣ ካህኑ በፍትሐት ጊዜ የሚያነሡት የክርስትና ስሙ። ጦረኛ ከሆነ ሦስተኛ ይጨመርለታል፤ አበበ አረጋይ «አባ ገስጥ» እንደ ተባሉት የፈረስ ስም ይኖረዋል። በፉከራ የሚሰማው ይህ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን የሚሰማው ሌላው ነው። እንግዲህ ድንጋይ ላይ የሚጻፈው የትኛው ነው? ወልደ ጊዮርጊስ ተብሎ የተፈታ ሰው በሌላ ስም ቢቀረጽ፣ ካህኑና ልጁ በአንድ ድንጋይ ፊት ሁለት ሰው ያስባሉ። በዘረት የወደቁት ደግሞ ፍትሐትም ቀብርም በወጉ አላገኙም።

ስም በዚህ አገር የመሬትም ማስረጃ ነበር። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ባላገሩ በእናቱም በአባቱም በኩል የትውልድ ሐረጉን እየቆጠረ እስከ አቅኚው አባት ካልወጣ ርስት አያገኝም ነበር። «አጽመ ርስት» የሚለው ቃል ራሱ አጥንትንና መሬትን አንድ ላይ አስሮ ይዟል። ስለዚህ የቆጣሪ ሽማግሌ ልብ የአገሩ መዝገብ ቤት ነበር። ያ መዝገብ ግን የሚመዘግበው ሐረጉ የቀጠለለትን ነው። ልጅ ሳይወልድ በዋሻ የቀረ ወጣት በማን አፍ ይቆጠራል? ከእናቷ ጋር የታፈነች ሕፃን የማን ቅድመ አያት ትሆናለች? ርስት የማይጠየቅበት ስም ቶሎ ይረሳል። አዋጁ ጭሰኛውንና ባለርስቱን እኩል ሲያደርግ፣ ሐረግ የመቁጠሩንም ጥቅም አብሮ አስቀረ፤ የቆጣሪው ልጅም የአባቱን እውቀት የሚወርስበት ምክንያት ቀነሰ።

ከዚህም በላይ ሐውልት ሲሠራ ማዕረግ ይቀድማል። ደጃዝማቹ፣ ፊታውራሪው፣ ግራዝማቹ በየተራቸው ይጻፋሉ፤ ያን ያህል ጭፍራ የነበረው ግን «ከነተከታዮቹ» በሚል አንድ ቃል ያልቃል። ስንቅ ተሸካሚው ከዚያ ቃል ውጪ ነው። ሴቲቱ ደግሞ በሕይወቷም የእገሌ ሚስት፣ የእገሌ እናት እየተባለች ስለ ኖረች፣ ስሟ በራሷ ቤት እንኳ ብዙ ጊዜ አልተጠራም። በዘረት መርዙ ማዕረግ አልለየም። የሚታሰቡበት ድንጋይ ቢለይ፣ በሞት የተገኘውን እኩልነት ሕያዋን መልሰው ነጠቁት ማለት ነው።

ይሁንና ሕዝቡ ሐውልት ሳይሠራ የሚያስብበት ሌላ መንገድ አለው። በአማራው አገር ሰው በሞተበት ቤት የሚወለድ ልጅ ብዙ ጊዜ ካሳ፣ ምትኩ፣ ተካ፣ ማስረሻ ይባላል። ካሳ ለጠፋው የተከፈለ ነው፤ ምትኩ በሌላ ቦታ የቆመ ነው፤ ማስረሻ ደግሞ፣ ያስረሳል ተብሎ የተሰጠው ስም፣ በተጠራ ቍጥር የሚያስታውስ ነው። መምህሩ ጠዋት በክፍል ውስጥ የተማሪዎቹን ስም ሲጠራ፣ ሳያውቀው የሙታን መታሰቢያ ያነባል። ከስሙ በኋላ የአባት ስም፣ ከዚያም የአያት ስም ይከተላል። ሦስቱን ሐረግ ይዞ «አያትህ ምትኩ የተባሉት በማን ምትክ ነው?» ብሎ ተማሪውን ቢጠይቅና ተማሪው ጥያቄውን ወደ ቤቱ ይዞ ቢሄድ፣ አንድ የጠፋ ሰው ሊመለስ ይችላል።

ጊዜው ግን አጭር ነው። በዚያ ፋሲካ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው። በዓይኑ ያየው እየጠፋ፣ ካየው የሰማው እያረጀ ነው። የሙሾ አውራጆች ግጥም፣ የአዝማሪው ቀረርቶ፣ የአዛውንቱ ጨዋታ በጽሑፍና በድምፅ ካልተያዘ፣ ነገ ከዋሻው የሚቀረው በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ብቻ ይሆናል። የገዳይ ወረቀት ብቸኛው ምስክር ሆኖ መቅረቱ ደግሞ ሁለተኛ ሽንፈት ነው።

ሠዓሊው የዘረትን ዋሻ ሲሥል ጀግናውን በጎራዴ ብቻ አያቁመው፤ ማሰሮዋን የታቀፈችውንም ያስገባ። ቀራፂውም ድንጋይ ሲሰጠው መጀመሪያ መንደሩን ይጠይቅ፤ ማዕረጉን ትቶ የዓለም ስሙንና የክርስትና ስሙን ጎን ለጎን ይጻፍ። ስሙ ላልተገኘውም ባዶ መስመር ይተውለት። ባዶው መስመር የድንጋዩ ጉድለት ተደርጎ አይታይ፤ ገና ያልተከፈለ ዕዳ መኖሩን ለሚያልፈው ሁሉ የሚያሳይ ነው።