ትራንዚስተር ሳይቃጠል መማር ይቻላል?



የኃይል ኤሌክትሮኒክስ ትምህርት አንድ አስቸጋሪ ጠባይ አለው። በቃል ሲያስረዱት ቀላል ነው፤ በእጅ ሲሠሩት ግን ያቃጥላል። ለመላው ክፍል ሦስት ትራንዚስተር ብቻ ባለበት ወርክሾፕ፣ የመጀመሪያው ሲጨስ ተማሪው ሁሉ እጁን ይሰበስባል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። እጁን ሰብስቦ የተመረቀ ሰው ደግሞ ነገ የሚያስተምረው ፍርሃቱን ነው።

ስለዚህ ነው ሰርኪዩትን በኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሠራውን ኤልቲስፓይስን መልመድ የጀመርኩት። ፕሮግራሙ በነፃ ይገኛል። መሠረቱ ሎረንስ ናጌልና መምህሩ ዶናልድ ፒደርሰን ከካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1973 ይፋ ያደረጉት ስፓይስ ነው።

መነሻዬ ትንሽ ነበረች፦ 12 ቮልትን ወደ 5 ቮልት የምታወርድ ባክ ኮንቨርተር። አንድ ማብሪያ፣ አንድ ዳዮድ፣ 100 ማይክሮሄንሪ ኢንዳክተር፣ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ 5 ኦም ጭነት፤ በቃ። ማብሪያው በሴኮንድ 100,000 ጊዜ በርቶ ይጠፋል። 5 ለ12 ሲካፈል 0.42 ገደማ ስለሆነ፣ ከእያንዳንዱ 10 ማይክሮሴኮንድ 4.2ቱን በርቶ ይቆያል።

ፕሮግራሙን ከማስነሳቴ በፊት፣ ዳዮዱን ሆን ብዬ እንከን የለሽ አድርጌ፣ መልሱን ደብተሬ ላይ አሰላሁ፦ 5 ቮልት። ስክሪኑ ወደ 4.5 ቮልት አሳየ። ልዩነቱ ከየት መጣ? ማብሪያው በጠፋ ቁጥር ከረንቱ የሚያልፈው በዳዮዱ ነው፤ ዳዮዱም 0.8 ቮልት ያህል ለራሱ ያስቀራል። ይህን በመጽሐፍ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! ልቤ የገባው ግን ያን ዕለት ነው።

ለጀማሪ ሦስት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ሰርኪዩቱ ግራውንድ ይኑረው። ሁለተኛ፣ ከቁጥር ኋላ የምትጻፈው ኤም ፊደል ትልቅም ሆነች ትንሽ ሚሊ ማለት ነች፤ ሜጋ ለማለት «ሜግ» ተብሎ ይጻፋል። ሦስተኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሚሊሴኮንዶች ቮልቴጁ ይዋልላል፤ ሳይረጋ አይነበብም።

አንድ ጓደኛዬ ግን «የማያጨስ ሰርኪዩት ምኑን ትምህርት ሆነ?» ይለኛል። እውነት አለው። የስክሪን ማብሪያ አይግልም፤ ብየዳው አይላቀቅም። ፕሮግራሙ ያልነገሩትን አያውቅም። ስለዚህ በበኩሌ ወርክሾፑ ይቅር አልልም፤ ተራው ይስተካከል ነው የምለው። መጀመሪያ በደብተር ስሌት፣ ቀጥሎ ስክሪን፣ በመጨረሻ ብየዳ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰ ትራንዚስተር ግን አይለቀምም። ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ያለው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ቁልፉ ከመጫኑ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ የሚጠብቀውን ቮልት ይጻፍ። ስክሪኑ ከጻፈው ሲለይበት «ለምን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ትምህርቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው።