አንድ ሲኒ

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን ቁም ሣጥን ሳጸዳ የሥዕል ክበባችን ልጆች የዛሬ ስንት ዓመት የሣሏቸውን ወረቀቶች አገኘሁ። አንዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አልተጨረሰም» ተብሎ ተጽፏል። የእኔ ጽሕፈት ነው።

ለወላጆች ቀን የሚሰቀል የወጥ ቤት ዕቃ ሣሉ ብያቸው ነበር። መሶቡ፣ ሙቀጫው፣ የወለቃው ጥቁር ጀበና ሞልቶ መጣ። ከዳባት በኩል መጥታ አክስቷ ጋ የምትኖር አንዲት ልጅ ግን ማቶት ላይ የተቀመጠ ጀበናና ረከቦት ሣለች፤ ረከቦቱ ላይ አንድ ሲኒ። አንድ ብቻ!

«የቀሩትስ?» አልኳት።

«ቲቸር፣ ጨርሻለሁ እኮ።»

አልሰቀልኩላትም።

የሚገርማችሁ ያን ሰሞን ፒተር ክላስ የሚባል የሆላንድ ሠዓሊ በ1630 እ.ኤ.አ. የሣለውን በስልኬ እያሳየኋቸው ነበር። የራስ ቅል፣ ሰዓት፣ የተደፋ ብርጭቆ። «ብርጭቆው ዝም ብሎ አልተደፋም፣ ዕድሜ አጭር ነው ማለቱ ነው» እያልኩ ስተነትን! የሆላንድ ብርጭቆ ሲደፋ የገባኝ ሰውዬ የአገሬ ሲኒ ሲጎድል አልገባኝም። እርግጥ እኛ ጎንደሮች የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየን ነው ያደግነው፤ እዚያ ዕቃ የሚናገረው ሰው ሲይዘው ነው፤ ጴጥሮስ ቁልፉን፣ ጊዮርጊስ ጦሩን። ግን ይሄ ሰበብ አይሆነኝም።

በወላጆች ቀን አክስቷ ግድግዳውን ዳር እስከ ዳር አይተው «የእሷስ የታለ?» አሉኝ። ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠኋቸው። በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

«ይቺማ የእናቷ ሲኒ ናት። ዓረብ አገር ከሄደች ወዲህ ያ ቤት ጎረቤት ተጠርቶ ቡና ተፈልቶበት አያውቅም። ልጂቱ ስትመጣ ይቺን ብቻ ይዛ መጣች። ይኸው፣ ሽራፊዋ ሳይቀር።»

የሲኒው ጠርዝ ላይ ትንሽ ጎደሎ አለ። እኔ እርሳስ ያመለጣት መስሎኝ ነበር።

ሻርዳን የሚባል ፈረንሳዊ ደግሞ በ1760 እ.ኤ.አ. ገደማ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ የቡና ማፍያና ጥቂት ነጭ ሽንኩርት ሥሏል። በቃ፣ ብዙ ነገር የለበትም። ድሮ ስለ ብርሃኑና ስለ ጥላው ነበር የማስተምርበት። አሁን ሳየው «ማን ነበር እዚህ የተቀመጠው?» እላለሁ።

ልጂቱ፣ እዚህ ፌስቡክ ላይ እንዳለሽ አውቃለሁ። ቀዩን ጽሕፈት ላጠፋው ሞክሬ ወረቀቱ ሊቀደድብኝ ሲል ተውኩት። ሥዕልሽ እኔ ጋ ነው። ጎንደር ስትመጪ ውሰጂው፤ ቡናው ከእኛ ቤት።