ሉድሎ፤ የገበያ ከተማና የቤት ግዥ

ሉድሎ በእንግሊዝ አገር በምዕራብ በኩል፣ ለዌልስ ወሰን ቀረብ ብላ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ሕዝቧ ወደ 10 ሺህ ይሆናል። ከለንደን በቀጥታ የሚያደርስ ባቡር የለም፤ መንገድ ላይ ወርዶ ሌላ ባቡር መሳፈር ያስፈልጋል። እኛ ሁለት ተማሪዎች ሆነን ሄድን። ሁለት ሳምንትም ተቀመጥን። እዚህ የምንጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከተማይቱ ኮረብታ ላይ ናት። ከሥሯ ቲም የሚባል ወንዝ ይፈሳል። ኮርቭ የሚባል ትንሽ ወንዝም በሌላው ጎን አለ። ኮረብታው ላይ ኖርማን የተባሉ ሰዎች መሥራት የጀመሩት ምሽግ ይታያል። 900 ዓመት አልፎታል። ጣራው ፈርሷል፤ የድንጋይ ግድግዳው ግን ቆሟል። ከምሽጉ በር ፊት ለፊት ሜዳ አለ። ገበያው እሱ ነው።

ገበያው ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ይቆማል። ዳቦ፣ አይብ፣ አትክልት፣ አበባ፣ አሮጌ መጽሐፍም ይሸጣል። ዋጋው በካርቶን ላይ ተጽፎ ይቀመጣል። ገዢው አንብቦ ይከፍላል። ክርክር እምብዛም የለም። እኛ ግን ገርሞን ነበር፤ ለአይብ የማይከራከር ሰው ለቤት ሲሆን ይከራከራል!

ቤቶቹን እንይ። የጥንቶቹ በእንጨት የቆሙ ናቸው። ምሰሶው ወፍራም ነው። በምሰሶው መሃል ያለውን ቦታ በቀጫጭን እንጨት ጠልፈው፣ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ይመርጉት ነበር። ጭቃ ቤት እኮ ነው! በላዩ ኖራ ተቀብቶ ነጭ ሆኗል፤ እንጨቱ ጠቁሯል። ፌዘርስ የሚባለው ሆቴል እንዲህ ያለ ቤት ነው። የተሠራው በ1619 ነው፤ ዛሬም እንደቆመ ነው። በከተማይቱ እንደዚህ በሕግ የተመዘገቡ ቅርሶች ወደ 500 ይደርሳሉ። የተመዘገበ ቤት የገዛ ሰው ሁሉን እንደ ልቡ አያደርግም። የቤቱን መልክ የሚለውጥ ሥራ ለመሥራት፣ መስኮት ለመለወጥም ቢሆን፣ ከአካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ ይጠይቃል። ያለ ፈቃድ ቢሠራ ወንጀል ነው።

ታዲያ ቤት እንዴት ይገዛል?

ሻጩ ደላላ ይይዛል። ደላላው በቤቱ ደጃፍ ሰሌዳ ይተክላል። በሱቁ መስኮት ላይም የቤቱን ፎቶግራፍና ዋጋውን ይለጥፋል። የደላላውን ዋጋ የሚከፍለው ሻጩ ነው። ገዢው ቤቱን አይቶ የራሱን ዋጋ ይናገራል። ሻጩ «እሺ» ካለ ሰሌዳው ላይ «ተሸጧል» የሚል ወረቀት ይለጠፋል፤ ከሥሩ «ውል ሲፈረም» የሚል ይጨመራል። ሰው ትልቁን ቃል ያነባል። ፍሬ ነገሩ ግን ያለው በትንሿ ጽሑፍ ውስጥ ነው።

በተቀመጥንበት ቤት አጠገብ ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ። ባል ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሚስት አሮጊቶችንና ሽማግሌዎችን በመጦር ሥራ ትተዳደራለች። አንዲት ልጅ አለቻቸው። ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ባለቤቱ ግን ቤቱን ለልጄ እፈልገዋለሁ ብሏቸዋል። ስለዚህ አንድ ጠባብ የጡብ ቤት አገኙ። ከታች ሁለት ክፍል፣ ከላይ ሁለት ክፍል አለው። ሻጩ 230 ሺህ ፓውንድ ጠየቀ። እነሱ 220 ሺህ አሉ። ሻጩ እሺ አለ።

22 ሺው ለዓመታት ያጠራቀሙት ገንዘብ ነው። የቀረውን ባንክ ሊያበድራቸው ነው። ባንኩ ቤቱን መያዣ ያደርጋል። ዕዳው በየወሩ እየተከፈለ በ30 ዓመት ያልቃል። መክፈል ካቃታቸው ባንኩ በፍርድ ቤት ቤቱን ሊወስድ ይችላል።

ከ«እሺ» በኋላ ገና ብዙ ሥራ አለ። አንድ ባለሙያ ጣራውንና የግድግዳውን እርጥበት ይመረምራል። ጠበቃ ቤቱ የማን እንደሆነ፣ መንገድ ይወጣበት እንደሆነ፣ ጎርፍ ይደርስበት እንደሆነ ወረቀት ያገላብጣል። የጎርፉ ነገር ቀልድ አይደለም። በ2007 በሰኔ ወር ኮርቭ ወንዝ ሞልቶ በርዌይ የተባለውን ድልድይ አፍርሶታል። ይህ ሁሉ ምርመራ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ለባለሙያውና ለጠበቃው የሚከፍለው ገዢው ነው።

በእንግሊዝ ሕግ በቃል የተሸጠ ቤት አልተሸጠም። የመሬትና የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ይሁን የሚል ሕግ ከ1677 ጀምሮ ነበራቸው። አሁን የሚሠሩበት የ1989ኙ ሕግ ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ካልፈረሙ ውል የለም ይላል። ሻጭ በአንዱ ወረቀት፣ ገዢ በሌላው ይፈርማል፤ ጠበቆቹ ወረቀቶቹን ይለዋወጣሉ። ቤቱ በሕግ የሚታሰረው በዚያች ሰዓት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ገዢው ያን ዕለት ከዋጋው መቶኛ አሥሩን ያስይዛል። ከዚያ በኋላ ሐሳቡን ቢለውጥ ያስያዘው ይቀርበታል። በቀጠሮው ቀን የቀረው ገንዘብ ይተላለፋል፤ ቁልፉን ይቀበላል። ስሙም በ1862 በተቋቋመው የመሬት መዝገብ ቤት ይጻፋል።

ወጣቶቹ እዚያ አልደረሱም። እኛ ስንመጣ ሁለት ወር ተኩል ጠብቀው ነበር። በአራተኛው ቀን ደላላው ስልክ ደወለ። ሌላ ሰው 12 ሺህ ፓውንድ ጨምሯል፤ ሻጩም ለሱ ሊሸጥ ነው አለ። ይህ ነገር የራሱ ስም አለው፤ «ጋዛምፕ» ይሉታል። ስም ያወጡለት ስለሚደጋገም ነው። ለመርማሪውና ለጠበቃው የከፈሉት ገንዘብ አልተመለሰም።

«ለምን አትከሱም?» ብለን ጠየቅን።

«ምን ይዘን?» አለች ሚስት። «ፊርማ የለንም።»

አዲሱ ገዢ በትልቅ ከተማ ቤቱን የሸጠ ጡረተኛ ነው አሉ። በትልቅ ከተማ ቤት ውድ ስለሆነ፣ እዚያ የሸጠ ሰው እዚህ ሲመጣ እጁ ይረዝማል። ዳቦ ጋጋሪ ከሱ ጋር እንዴት ይወዳደር? ሻጩንም ብቻውን መውቀስ አልቻልንም። እሱም ሌላ ቤት ሊገዛ ነበርና የዚያኛው ባለቤት ዋጋ ጨመረበት። አንዱ ቤት ከሌላው ጋር እንዲህ ሲያያዝ «ሰንሰለት» ይሉታል። እኛ ግን ጥፋቱ የሕጉም ይመስለናል። «እሺ» ያለ ሰው ለጥቂት ሳምንት እንኳ የሚታሰርበት ነገር ሊኖር ይገባ ነበር።

ከመሄዳችን በፊት ሌላ ቤት አሳዩን። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ጓሮም አለው። ልጅቱ ጓሮው ውስጥ ስትሮጥ እናትዮዋ አጥሩን ተደግፋ ቁልቁል ታያለች። ከአጥሩ ወዲያ ኮርቭ ይፈሳል። ጠበቃው ስለ ጎርፉ የጠየቀው ወረቀት ገና አልመጣም ነበር።