ማዳበሪያ የሚበላው የናፍታ ቱቦ

በዚህ ገጽ የለመዳችሁት ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ተባይ ነው። ዛሬ ግን ስለ ፒክ አፕ መኪና የናፍታ መስመር ልጽፍላችሁ ነው። «የግብርና ባለሙያና መኪና ምን አገናኛቸው?» የምትሉ አትጠፉም። ያገናኛቸው ማዳበሪያው ራሱ ነው።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠራችን፣ ከአስፋልቱ ወደ ቀበሌ የሚገባውን ጭነት የሚያነሳው ጋሪ፣ አይሱዙ ወይም አሮጌ ፒክ አፕ ነው። በግንቦትና በሰኔ ማዳበሪያና የበቆሎ ዘር ይዞ ይገባል፤ ምርት ሲደርስ በቆሎ፣ በርበሬና ድንች ይዞ ይወጣል። ስለዚህ መኪናው ሲቆም ጉዳቱ የባለቤቱ ብቻ አይደለም። ኤንፒኤስ መግባት ያለበት ከዘሩ ጋር ነው። ዝናቡ ጥሎ መሬቱ ከተመቸ በኋላ ማዳበሪያው መንገድ ላይ ከቀረ፣ ወይ ያለ ማዳበሪያ መዝራት ነው፣ ወይ የዘሩን ቀን ማሳለፍ።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ይህ ነገር አንድ አርሶ አደራችንን ገጠማቸው። ጋሼ ብዬ ነው የምጠራቸው። በበርበሬ ገንዘብ የገዙት አሮጌ ሃይሉክስ አላቸው፤ የራሳቸውንም የጎረቤቶቻቸውንም ጭነት ያመላልሱበታል። መኪናው ጠዋት ጠዋት አልነሳ ማለት ጀመረ። ሞተሪኖው ባትሪውን እስኪጨርስ ይሽከረከራል፤ ቢነሳም ይንቀጠቀጥና ይጠፋል፤ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። ከተማ ወስደው ሲያሳዩት «ፖምፓው ነው፤ ወርዶ መታደስ አለበት» ተባሉ። የተጠየቁት ገንዘብ አንድ በሬ የሚያሸጥ ነው። በሰኔ ደግሞ በሬ ተሽጦ በምን ይታረሳል?

ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸውን በሾፌርነት የጨረሱ አንድ አባት አሉ። ጋሼና እኔ ሄደን ነገሩን ነገርናቸው። ኮፈኑን እንኳ አላስከፈቱም።

«ማታ ስታቆመው አፍንጫውን ወደ ዳገት ታዞረዋለህ ወይስ ወደ ቁልቁለት?» ብለው ጠየቁ።

ጋሼ አሰብ አደረጉና «ቁልቁል ሳቆመው ይነሳል። ወደ ዳገት ያቆምኩት ጊዜ ነው የሚያስቸግረኝ» አሉ።

«እንግዲያው በሬህን አትሽጥ። መኪናህ አየር እየሳበ ነው።»

ይህን ንግግር ላብራራው። ብዙዎቻችሁ መስኖ ላይ የምትጠቀሙበት የናፍታ ውሃ ሞተር ናፍታ መያዣው ከላይ ስለሆነ ናፍታው በራሱ ክብደት ይወርዳል። ቱቦው ከተሰነጠቀ ጠብ ጠብ ሲል በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ፒክ አፑ ላይ ግን ሰልባትዮው ከኋላ፣ ከሞተሩ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። እንደ ሃይሉክስ ባሉት አሮጌ ናፍታ መኪናዎች ፖምፓው ናፍታውን ከዚያ እየመጠጠ ያመጣል። በገለባ ጠላ እንደመሳብ ቁጠሩት፤ ገለባው ቀዳዳ ካለው ጠላው አይፈስም፣ የምትስቡት ግን አየር ይሆናል። መሬት ላይ አንድ ጠብታ ሳይታይ መስመሩ የተበላሸ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ማታ ወደ ዳገት ሲቆም ናፍታው በቀዳዳው አየር እያስገባ ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል፤ ጠዋት ፖምፓው ባዶ ይስባል። ቁልቁል ሲቆም ግን ናፍታው ወደ ሞተሩ ስለሚያዘነብል አይመለስም። ሰልባትዮው ሲሞላ ደህና፣ ሲጎድል የሚያስቸግር ከሆነም ምልክቱ አንድ ነው።

መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁመን፣ ጎማውን በድንጋይ አስደግፈን ከስሩ ገባን። ከሰልባትዮው ወደ ፊት በሻንሲው ጎን የሚሄደው የብረት ቱቦ፣ በጭነት መያዣው ስር በሚያልፍበት ቦታ ላይ ነጣ ያለ ጭቃ ተጋግሮበታል። ጭቃውን በካቻቢቴ ፋቅ ሳደርገው የቱቦው ብረት አብሮ ተቀረፈ። ያ ነጭ ነገር ከጭነቱ የተራገፈ ማዳበሪያ ነው። ማዳበሪያ እርጥበት ይስባል፤ ዩሪያ ያለበት ጆንያ ተከፍቶ ሲያድር ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ያ እርጥበት ብረት ላይ ሲቀመጥ ዝገቱን ያፈጥነዋል። ጫፍ ላይ ያሉት የጎማ ቱቦዎችም ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል፤ አንደኛው በሽቦ ታስሮ ሽቦው ጎማውን በልቶታል።

መኪና ያላችሁ፣ ወይም ለምትከራዩት ሰው ልትነግሩት የምትችሉት ይህ ነው።

መጀመሪያ አረጋግጡ። በፊልትሮውና በፖምፓው መካከል ለጊዜው አጭር ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ አስገቡና ሞተሩን አስነሱ። አረፋ እየተከታተለ ካለፈ አየር እየገባ ነው። ፖምፓው የሚወርደው ይህ ከታየ በኋላ ይሁን።

የዛገውን የብረት ቱቦ በብረት ቱቦ ቀይሩ። መዳብና ዚንክ የተቀባ ቱቦ ለናፍታ አይሆንም፤ ናፍታውን እያበላሸ ዝቃጭ ያበዛል፣ ፊልትሮ ይደፍናል። ጎማው የሚገባበት ጫፍ አበጥ ያለ ይሁን፣ እንዳያሾልክ።

ጎማውን ስትገዙ አሮጌውን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ፤ ውስጡ ልክ መሆን አለበት። የነዳጅ ጎማ መሆኑን ጠይቁ። የውሃ ላስቲክ ናፍታ ያበላሸዋል። ሽቦና የብስክሌት ከመነዳሪ ይቅር፤ በልኩ የሆነ ፋሼታ ግዙ፣ ጎማውን እስኪቆርጠው ግን አታጥብቁት።

ከፖምፓው ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱትን ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች በጎማ መተካት ፈጽሞ አይሞከርም። ሞተሩ እየሠራ ከነሱ ሲረጭ በእጃችሁ አትዳብሱ። ግፊቱ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቀዳዳው የመርፌ ቢመስልም እጅ የሚያሳጣ ጉዳት ነው፣ በፍጥነት ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። መፈተሽ ካለባችሁ በካርቶን ፈትሹ።

ሥራው ሲያልቅ ፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ የቀረውን አየር ያስወጣል። የፈሰሰውን ናፍታ በጣሳ ተቀበሉ፤ ወደ መስኖ ቦይ አይግባ። አጠገባችሁ እሳትና ሲጋራ አይኑር።

ለጋሼ መኪና የተገዛው የብረት ቱቦ፣ ሁለት ጎማና አራት ፋሼታ ነው። በማግስቱ ሆን ብለው ወደ ዳገት አቁመው አሳደሩት፤ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ተነሳ። በሬያቸው እስከ ዛሬ ያርሳል።

የውሃ ሞተር ያላችሁም ይህ አይመለከተንም አትበሉ። በሴኮንድ አንድ ጠብታ የሚያፈስ መገጣጠሚያ በአንድ ቀንና ሌሊት ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ ናፍታ ይወስዳል። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሳ የናፍታ ዋጋ የት እንደደረሰ እናንተ ታውቃላችሁ። ዛሬ ማታ ከሞተሩ ስር ጣሳ አስቀምጡና ጠዋት የተጠራቀመውን ለኩት።

በመጨረሻ የባለሙያ ምክሬ አጭር ነው። ማዳበሪያ ከመጫናችሁ በፊት የጭነት መያዣውን ላስቲክ አንጥፉበት። ካራገፋችሁ በኋላ ከላይ ጥረጉት፣ ከስሩ ደግሞ በብዙ ውሃ እጠቡት፤ በተለይ ቱቦው ሻንሲው ላይ የተያዘበትን ቦታ። ከዚያ ይድረቅ። ማዳበሪያው ጥቅም የሚሰጠው ማሳው ውስጥ ነው፤ መኪናው ስር የቀረው ብረታችሁን ነው የሚበላው።

የተቸገራችሁበት ካለ የቱቦውን ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ እኔ ካላወቅሁት እኚያን አባት እጠይቅላችኋለሁ። መልካም የእርሻ ጊዜ!